የሚያውቅ ዳኛ ወይስ የማያዳላ ዳኛ?

«ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። አውሮፕላን አብራሪዎች የመንግሥት ተቆጣጣሪ ኮክፒት ውስጥ ሲገባባቸው የሚሰማቸውን ስሜት ከዚህ ተረት የበለጠ የሚገልጽ ቃል አላገኘንም። ካፒቴኑና ረዳት አብራሪው ለመነሳት ሲሰናዱ ከኋላቸው በምትዘረጋው ጠባብ ወንበር ላይ አንድ ሰው ይቀመጣል። መሪ አይጨብጥም፤ ሬድዮ አያነጋግርም፤ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል። ነገር ግን ያያል፤ ይጽፋልም። እሱ የጻፈው ነገር የአንድን ሰው የማብረር ፈቃድ ሊያሳግድ፣ እንጀራውን ሊያቋርጥ ይችላል። በአገራችን ይህ ሰው የሚላከው ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው፤ በአሜሪካ ደግሞ በምኅጻረ ቃል ኤፍኤኤ ከሚባለው የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር። መሥሪያ ቤቱ ይለያይ እንጂ ወንበሯ አንድ ናት።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሳው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፤ በዚያች ወንበር ላይ መቀመጥ ያለበት ማን ነው? ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ነው ወይስ ከሥራው ሰዎች ጋር ምንም ንክኪ የሌለው? ጉዳዩ የአብራሪዎች ብቻ ቢሆን ኖሮ ለነሱ በተውነው ነበር። ነገር ግን ነገ ከነገ ወዲያ ከዚህ ግቢ ስንወጣ ገሚሶቻችን የትምህርት ቤት ተቆጣጣሪ፣ ገሚሶቻችን ኦዲተር፣ ገሚሶቻችን ዳኛ እንሆናለን፤ የቀረነው ደግሞ ተቆጣጣሪ የሚመጣብን ሠራተኞች ነን። ስለዚህ የአየሩ ነገር የምድሩም ነገር ነው።

ለመሆኑ አብራሪዎቹ ምን ይላሉ? በየትኛውም አገር ቢሆን ሮሮአቸው ከሦስት አያልፍም። አንደኛው «ማብረር ያቃተው ተቆጣጣሪ ይሆናል» የሚል ነው። ሁለተኛው «ሰውየው የሚያየው ወረቀት እንጂ በረራ አይደለም» የሚል ነው። ፈቃድህን ይዘሃል? የጤና ምስክር ወረቀትህስ? የጭነቱ ሚዛን ተፈርሟል? የእሳት ማጥፊያው ጊዜ አላለፈም? ደመና ባለበት ቀን አውሮፕላን በተራሮች መሐል አሾልኮ የሚያወርድ ሰው ስለ አንዲት ፊርማ ሲጠየቅ ንቀት ቢጤ ሽው ቢልበት አይፈረድበትም። ሦስተኛው ሮሮ ግን ከሁለቱ ጋር ይጋጫል። «እሱ እኮ ትናንት ከኛው ጋር ሲያበር የነበረ ነው፤ ዛሬ ምን አግኝቶ ነው የሚንቀባረርብን?» ይላል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ተቆጣጣሪው ባያውቅ ስለማያውቅ ይናቃል፤ ቢያውቅ ደግሞ ከሃዲ ይባላል። ምን ቢያደርግ ይሻለዋል?

እርግጥ ነው፤ ሮሮው እንዲያው ከሜዳ የተነሳ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መንግሥታትን ሲመክር ተቆጣጣሪው ቢያንስ ከሚቆጣጠረው ሰው ጋር የሚመጣጠን ዕውቀትና ልምድ ይኑረው፤ የሥራው ሁኔታና ክፍያውም እንዲህ ያለውን ሰው የሚስብ ይሁን ይላል። ምክሩ መልካም ነው። ችግሩ ያለው ደመወዙ ላይ ነው። በብዙ አገር አንድ ካፒቴን የሚያገኘውና የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚከፍለው እጅግ የተራራቁ ናቸው። ስለዚህ አንድ በሳል ካፒቴን ወደ ተቆጣጣሪነት የሚሄደው ወይ ጡረታው ሲቃረብ፣ ወይ ጤናው ሲከለክለው ነው፤ አለበለዚያም ኅሊናው ሲያስገድደው ነው፤ ይህ ሦስተኛው ብርቅ ነው። ሲሄድም ብቻውን ይሄዳል። ትናንት ቡና እየጠጡ የሆድ የሆዳቸውን ያወሩት የነበሩ ጓደኞቹ እሱ ብቅ ሲል ወሬ ይቀይራሉ። ስለ ድካማቸው፣ ስለ ስሕተታቸው፣ ስለ ፍርሃታቸው የሚነግሩት ነገር ያልቃል። እንዲያውቅ የተሾመው ሰው በተሾመ ማግስት ማወቂያው መንገድ ይዘጋበታል ማለት ነው።

ከዚህ ላይ ነው ዋናው ቅራኔ የሚመጣው። ባጭሩ ለመናገር፣ የሚያውቀው ወገን ነው፤ ወገን ያልሆነው አያውቅም። ዳኛን የምንሻው ደግሞ ሁለቱንም እንዲሆንልን ነው፤ የሚያውቅም፣ የማያዳላም።

ይህን ቅራኔ ለማየት እኛ የዚህ አገር ልጆች ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከደሴ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ የሚገኘው ቦሩ ሜዳ ዛሬ ስሙ ሲነሳ አብዛኛው ሰው ትዝ የሚለው ሆስፒታሉ ነው። በግንቦት 1870 ዓ.ም. ግን በዚያ ሜዳ ላይ የተሰበሰቡት ሊቃውንትና መኳንንት ነበሩ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በሰብሳቢነት፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ተገኝተው፣ የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ለብዙ ዘመን ሲያከራክር የኖረው የተዋሕዶና የሦስት ልደት ጉዳይ ለፍርድ ቀረበ። የሃይማኖቱን ቁም ነገር ለሊቃውንቱ እንተወው። እኛ የምናየው የዳኝነቱን አሠራር ነው። ነገሩን ጠንቅቀው የሚያውቁት ሊቃውንት ሁሉም ወገን የያዙ ነበሩ። ሰብሳቢው ንጉሠ ነገሥትም ጉባኤው ሳይከፈት የተዋሕዶ ወገን መሆናቸው የታወቀ ነው። ስለዚህ ስሙ ክርክር ይባል እንጂ ፍርዱ አስቀድሞ ተጽፎ የመጣ ያህል ነበር፤ ተዋሕዶ ረታ፤ አልቀበልም ያለውም ተቀጣ።

ከዚህ የሚበልጠው ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ጉባኤው የተነጋገረው ስለ ክርስቲያኖች ትምህርት ሆኖ ሳለ፣ ከባዱ ዕዳ የወደቀው ጉባኤው ላይ ወንበር ባልነበረው ሰው ላይ ነው፤ በወሎ ሙስሊም ላይ። ባላባቶቹ ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል፣ ኢማም አመዴ ተጠምቀው ኃይለ ማርያም ተባሉ፤ ተራው ሕዝብም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ በአዋጅ ተገደደ። እምቢ ያለው ተሰደደ፤ ተዋጋ፤ መከራውን አየ። አያቶቻችን ሙስሊምና ክርስቲያን ሆነው በአንድ ደጅ የኖሩት ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ከቦሩ ሜዳ የምንወስደው ትምህርት እንግዲህ ይህ ነው፤ አንድ ዳኝነት ሲመዘን እዚያ የነበሩት ምን ተባባሉ ብቻ ተብሎ አይቀርም፤ እዚያ ያልነበረው ምን ደረሰበት ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ወደ ኮክፒቱ እንመለስ። እዚያም ውስጥ አብራሪና ተቆጣጣሪ ተቀምጠዋል፤ ሦስተኛው ባለጉዳይ ግን ከበሩ ወዲያ ነው። ከኮምቦልቻ ተሳፍራ አዲስ አበባ ያለ ልጇን ለመጠየቅ የምትሄድ እናት ስለ አብራሪው የፈተና ውጤት አትጠየቅም፤ ስለ ተቆጣጣሪው ማንነትም የሚነግራት የለም። ቀበቶዋን አስራ፣ ዱዓዋን አድርጋ፣ ወይም አማትባ ትቀመጣለች። አብራሪው ተቆጣጣሪውን ቢወደው ወይም ቢጠላው ከሷ ጋር ምን አገናኘው? እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሩ የተዘጋው ለሷም ያሰበ ሰው አይቶት እንደሆነ። ተቆጣጣሪ ማለት በእውነቱ የዚህች ሴት ወኪል ነው። አብራሪዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ይህን ነው፤ ተቆጣጣሪውም ከዘነጋው ነገር አለቀ።

ዘንግቶት ያውቃል ወይ? አዎን። በ1999 ዓ.ም. ሳውዝዌስት የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ 46 አውሮፕላኖችን አካላቸው መሰንጠቅ አለመሰንጠቁ ሳይመረመር ሲያበር መቆየቱ ተደረሰበት። የሚያሳፍረው ግን ጉድለቱ ከታወቀ በኋላ የሆነው ነው። የአየር መንገዱ ተጠሪ የነበረው የኤፍኤኤ ዋና ተቆጣጣሪ አውሮፕላኖቹ ሳይቆሙ እየበረሩ እንዲመረመሩ ፈቀደ። በአየር መንገዱ በኩል ከሱ ጋር ይሠራ የነበረው ኃላፊም ቀደም ሲል ራሱ የኤፍኤኤ ተቆጣጣሪ የነበረ ሰው ነው። ቦቢ ቦትሪስ የተባለ ሌላ ተቆጣጣሪ ነገሩን ገልጦ በ2000 ዓ.ም. በአሜሪካ ኮንግረስ ፊት መሰከረ። በዚያን ዘመን መሥሪያ ቤቱ የሚቆጣጠራቸውን አየር መንገዶች «ደንበኞች» ብሎ መጥራት ጀምሮ እንደነበር ስናነብ ገርሞናል። ሻይ ቤት ደንበኛ ይኑረው፤ ባለሱቅም ይኑረው። ዳኛ ደንበኛ ካለው ግን ፍርዱ ሸቀጥ ሆኗል። ለመሆኑ በአብራሪዎቹና በኩባንያው ዘንድ «ጥሩ ሰው፣ የሚገባው ሰው» ተብሎ የሚወደደው የትኛው ነበር? ዋናው ተቆጣጣሪ ወይስ ቦትሪስ? መልሱን ለአንባቢ እንተዋለን።

ሁለተኛው ነገር የደረሰው ከኛው አፈር ላይ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠዋት ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የበረራ ቁጥር 302፣ ቦይንግ 737 ማክስ፣ ስድስት ደቂቃ ያህል በርሮ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ። የ157 ሰዎች ሕይወት ጠፋ። አምስት ወር ሳይሞላ በፊት፣ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ያው ዓይነት አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ውስጥ ባሕር ገብቶ 189 ሰዎች አልቀው ነበር። ኤምካስ የሚባለው፣ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ቁልቁል የሚገፋው ሥርዓት፣ ትእዛዝ የሚቀበለው ከአንድ ጠቋሚ መሣሪያ ብቻ ነበር፤ ከኢንዶኔዥያው አደጋ በፊትም በአብራሪዎቹ መመሪያ ውስጥ አልተጠቀሰም ነበር። ታዲያ ተቆጣጣሪው የት ሄዶ ነው? ኤፍኤኤ ከምርመራው ሥራ ብዙውን ለራሱ ለቦይንግ ሠራተኞች በውክልና ሰጥቶ ነበር። ምክንያቱ ከላይ ያነሳነው ነው፤ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ይባስ ብሎም ከኢንዶኔዥያው አደጋ በኋላ የኤፍኤኤ ባለሙያዎች ማስተካከያ ካልተደረገ በእነዚያ አውሮፕላኖች የአገልግሎት ዘመን እስከ 15 የሚደርስ ገዳይ አደጋ ሊከሰት ይችላል ብለው አስልተው ነበር። ስሌቱ ተሠራ፤ አውሮፕላኑ ግን መብረሩን ቀጠለ።

ከዚህ ላይ ወረቀት ስለሚንቁት አብራሪዎች አንድ ነገር ማለት አለብን። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው ገና የ29 ዓመት ወጣት ነበር፤ ረዳቱ አህመድ ኑር መሐመድ ደግሞ 25። እነዚህ ሁለት ሰዎችና ከኋላቸው የተቀመጡት ሁሉ ዕጣቸው የተንጠለጠለው ሩቅ አገር፣ በማያውቁት ቢሮ ውስጥ በተፈረመ ወረቀት ላይ ነበር። የኛም አገር ተቆጣጣሪ፣ እንደ አብዛኛው ዓለም፣ ያን ፊርማ አምኖ ተቀብሏል። ስለዚህ ፊርማ ተራ ነገር ነው የሚል አብራሪ ቢኖር ራሱን ማታለሉ ነው። አንድ ፊርማ በሐቅ ካልተፈረመ የማብረር ችሎታ ሁሉ ሊያድን አይችልም።

ሌላውን ወቅሶ ራስን ዝም ማለት አድርባይነት ነው። እኛስ? አየር መንገዱ የመንግሥት ነው፤ ተቆጣጣሪውም የመንግሥት ነው፤ አደጋ ሲደርስ የሚመረምረውም የመንግሥት ነው። ይህን ስንል አዳልተዋል ማለታችን አይደለም። የአንድ አባት ልጆች ሲካሰሱ አባትየው ዳኛ ከሆነ፣ በቅንነት ቢፈርድ እንኳ ጎረቤት ይጠረጥራል ማለታችን ነው። ሁለት ሪፖርቶችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። በጥር 2002 ዓ.ም. የኛ አውሮፕላን ከቤይሩት እንደተነሳ ባሕር ላይ ወድቆ 90 ሰዎች ሲሞቱ፣ የሊባኖስ መርማሪዎች በ2004 ዓ.ም. ባወጡት ሪፖርት ምክንያቱን በዋናነት የአብራሪዎቹ አያያዝ ነው አሉ፤ አየር መንገዳችን አልተቀበለም። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የኛ መርማሪዎች የ302ን የመጨረሻ ሪፖርት ሲያወጡ፣ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች በአውሮፕላኑ ጉድለት ላይ ቢስማሙም የአብራሪዎቹ ድርሻ በሚገባ አልታየም ብለው ተቃውሟቸውን በጽሑፍ ለሕዝብ አወጡ። አሜሪካ የቦይንግ አገር ናት፤ እኛ የአየር መንገዱ አገር ነን። ሁሉም ወገን አለው። ልባችን ወደ ልጆቻችን ቢያዘነብል ተፈጥሮ ነው። ነገር ግን ቤይሩት ላይ ሌላው ሲፈርድብን የጠየቅነውን ጥያቄ ቢሾፍቱ ላይ ራሳችን ስንፈርድ ካልጠየቅን፣ ጥያቄው ከመጀመሪያውም የእውነት ጥያቄ አልነበረም።

እንግዲያው የሚያውቁትን ሁሉ አባርረን ምንም ንክኪ የሌለውን ሰው እንሹም? ፕላቶ ይህን ጥያቄ በመርከብ ነጂዎች አስመስሎ አንስቶት ነበር። ስለ መሪነት ጥበብ በጻፈው ምልልስ ውስጥ፣ ሙያውን የማያውቅ ሸንጎ ስለ መርከብ አነዳድ ሕግ ቢጽፍ፣ ነጂዎቹም በዕጣ እየተመረጡ በዓመቱ መጨረሻ «ከተጻፈው ወጥተሃል» እየተባሉ ቢከሰሱ ምን ይሆናል ብሎ ይጠይቃል። ሙያ ይሞታል፤ ኑሮም የማይቻል ይሆናል ይላል። ነገር ግን እዚያ አያቆምም። ከዚያም የከፋ አለ፤ ሕጉን እንዲጠብቅ የተሾመው ሰው ሳያውቅ ለጥቅሙና ለወዳጁ ሲል ሕጉን ሲጥሰው። ፕላቶ ጥበበኛ አዋቂን ከሁሉ በላይ ያስቀምጠዋል፤ እንዲህ ያለ ሰው በቀላሉ ስለማይገኝ ግን የተጻፈ ሕግ ሁለተኛው ደኅና መንገድ ነው ይላል። አብራሪዎቻችን የሚንቁት ወረቀት እንግዲህ ይህ ሁለተኛው መንገድ ነው።

ከጭካኔም የሚገኝ ጥቅም የለም። ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረ አውሮፕላን መውረድ ሲገባው በ37,000 ጫማ ከፍታ ማረፊያውን አልፎ ሄደ። አብራሪዎቹ እንቅልፍ ጥሏቸው ነበር ተብሎ በዓለም ተዘገበ፤ አውሮፕላኑ በሰላም አረፈ፤ ሠራተኞቹም ምርመራው እስኪያልቅ ከሥራ ተነሱ። ተቆጣጣሪ ቢኖር ምን ይጠይቅ? «ለምን ተኛህ?» ብሎ ቢያበቃ ነገ የደከመው አብራሪ ድካሙን ይደብቃል። «ስንት ሰዓት ሠርተህ ነበር? ማን መደበህ? ደክሞኛል ብትል ምን ይደርስብህ ነበር?» ብሎ ቢቀጥል ግን ከአብራሪው አልፎ ወደ አሠራሩ ይደርሳል። የዓለም አቀፉ የአደጋ ምርመራ ደንብ ራሱ ዓላማው አደጋ እንዳይደገም ማድረግ እንጂ ወንጀለኛ መፈለግ አይደለም ብሎ ደንግጓል። በአንድ ዘመን ባገራችን «ሂስና ግለ ሂስ» የሚባል ነገር ነበር። ሰው ስሕተቱን በአደባባይ እንዲናገር ይጠየቃል፤ የተናገረው ደግሞ ይጠፋበታል። ውጤቱ ምን ሆነ? ሁሉም ዝምታን ተማረ። አየር ላይ ዝምታ ይገድላል።

አቋማችንን ለመግለጽ ጊዜው ደርሷል። የሚያውቅ ዳኛ ወይስ የማያዳላ ዳኛ ለሚለው፣ የግድ አንዱን ምረጡ ከተባልን የሚያውቀውን እንመርጣለን። ምክንያታችን ይህ ነው። የሚያውቅ ሰው ያዳላ እንደሆነ ሌላ የሚያውቅ ሰው ሊያጋልጠው ይችላል፤ ቦትሪስ ያደረገው ይህንኑ ነው። የማያውቅ ሰው ግን ሲታለል መታለሉን እንኳ አያውቅም፤ ቅንነቱ ለሚያታልለው መሣሪያ ይሆናል። ነገር ግን የሚያውቀው ሰው ወደ ወንበሯ ሲመጣ ዕውቀቱን ይዞ፣ ጥቅሙን ጥሎ መምጣት አለበት። ደመወዙን ከሚቆጣጠረው ሰው እጅ አይቀበል፤ ነገ የሚቀጥረኝ ይኸው ነው እያለም አይመርምር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት አባቶቻችን ለምን እንደተረቱት እናውቃለን፤ በዚህ ሥራ ላይ ግን የሚበላው የሰው ነፍስ ነው።

«እህል ቢያንቅ በውሃ ይዋጣል፤ ውሃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል?» የሚሉን ይኖራሉ። ተቆጣጣሪውን ማን ይቆጣጠረው ነው ነገሩ። ከሱ በላይ ሌላ ተቆጣጣሪ፣ ከዚያም በላይ ሌላ እያልን ብንደረድር ማለቂያ የለውም። መልሱ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ነው የሚገኘው። የጻፈው ይነበብ፤ የሚቃወመው ሰው ተቃውሞውን ከጎኑ ይጻፍ፤ የበታቹ ሲናገር የሚሰማው አያጣ፤ የፈቀደበትም የከለከለበትም ምክንያት ለተሳፋሪው በሚገባ ቋንቋ ይነገር። ቦሩ ሜዳ ላይ የጎደለው ዕውቀት አልነበረም፤ ሊቅ ሞልቶ ነበር። የጎደለው ዕዳውን የሚከፍለው ሰው ወንበር ነው።

ስለዚህ አንድ ጥሩ አብራሪ «ተቆጣጣሪ ሁን» ቢባል እሺ ማለት አለበት እንላለን። ገንዘብ ያጣበታል፤ ጓደኛ ያጣበታል፤ ሰማዩንም ከፊት ወንበር ማየቱ ይቀርበታል። ግን ጥሩዎቹ ሁሉ እምቢ ካሉ ያች ወንበር ባዶ አትቀርም፤ አንድ ሰው ይቀመጥባታል። ያን ጊዜ «ማብረር ያቃተው ተቆጣጣሪ ይሆናል» የሚለው ቀልድ እውነት ይሆናል፤ እውነት ያደረጉትም ራሳቸው ቀልደኞቹ ናቸው። ይህ ለአብራሪዎች ብቻ የተነገረ አይደለም። በየሙያችን እንዲህ ያለች ጠባብ ወንበር ከኋላችን አለች። ጎበዝ፣ ስንቶቻችን ነን ተነስተን የምንቀመጥባት?